ዕጣ የወደቀባት ገብስ

ጡረታ በወጣሁ ሰሞን መካነ ሰላም ገበያ ዳር ፀጉሬን ልስተካከል ተቀምጬ ሳለ፣ ራዲዮኑ ስለ አገሪቱ ኢኮኖሚ ያወራ ነበር። ግብርናው ከመቶ ይህን ያህል፣ ደኑ ደግሞ ይህን ያህል አስተዋፅኦ አደረገ ይላል አንባቢው፣ ጉሮሮውን በማር ያረጠበ ይመስል። ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን አቁሞ "ጋሽ ደምሴ፣ ይህን ቁጥር ከየት ነው የሚያመጡት?" አለኝ። "ከእኔ ነው" አልኩት። ሳቀ። እኔ ግን የእውነቴን ነበር።

የኢትዮጵያን ገብስ ሁሉ የሚችል ሚዛን አልተሠራም። ስለዚህ ዕጣ ይወጣል። በዕጣ ቀበሌ ይመረጣል፣ ከቀበሌው ገበሬ፣ ከገበሬው ማሳ፣ ከማሳውም ውስጥ አንዲት ቦታ። እዚያች ቦታ ላይ አራት ችካል ይተከልና ጎንና ጎኗ አራት አራት ሜትር የሆነ ገመድ ይወጠራል። እህሉ ሲደርስ ገመዱ ውስጥ ያለው ለብቻው ይታጨዳል፣ ይወቃል፣ ይደርቃል፣ ይመዘናል። ከዚያ በኋላ ያቺ የአንዲት ክፍል ወለል የምታህል መሬት ስለ ቀበሌው ትናገራለች፣ ቀበሌው ስለ ወረዳው፣ ወረዳው ስለ አገሩ። በራዲዮ የሚነበበው የእሷ ንግግር ነው። እኔ የሥራ ዘመኔን የጨረስኩት ገመዷን ስወጥርና ስፈታ ነው።

መጀመሪያ የተመደብኩት ከላላ ወረዳ ነበር። ደመወዙ ጫማ ይገዛል፣ ጫማው ግን ሥራውን አይችልም። የቢሮው በቅሎ ከእኔ በፊት የተቀጠረች ስለሆነች አለቃዬ እሷ ነበረች ማለት ይቻላል። ካልፈለገች አትሄድም፣ እኔ ግን ባልፈልግም እሄዳለሁ። ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ይመር የወረኢሉ ሰው ናቸው፤ ቀጭን፣ ንግግር የማያበዙ፣ ቢስሚላህ ሳይሉ የሰው ማሳ የማይረግጡ። እኔን ገና ሲያዩኝ "ትምህርት ቤት ምን አስተማሩህ?" አሉኝ። የተማርኩትን ዘረዘርኩ። "ጥሩ ነው። አሁን ደግሞ ዝም ማለት ተማር" አሉኝ።

ጋሽ ይመር የዕጣውን ቁጥር ከሰንጠረዡ ሲያነቡ ለማሳው ጀርባቸውን ይሰጣሉ። መጀመሪያ ጊዜ ሳያቸው ተጣልተውት መስሎኝ ነበር። "ዓይን ሆዳም ነው። ያማረውን ዘለላ ካየ እግርህን ወደዚያ ይጎትተዋል" አሉኝ። ከዚያ ከንፈራቸውን ገጥመው ይራመዳሉ፣ እርምጃቸውን በሆዳቸው ይቆጥራሉ፣ ቁጥሩ ባለቀበት ይቆማሉ። የቆሙበት ቦታ ድንጋይ ቢሆንም ድንጋይ ነው፣ አረም ቢሆንም አረም ነው። ገብሱ መድረቁን ለማወቅ አንድ ፍሬ በፊት ጥርሳቸው ይነክሳሉ። ቀጭ ካለ ይመዘናል፣ ከተለጠጠ ፀሐይ ላይ ይመለሳል። እህሉ ሳይመዘን በፊት የባለማሳውን ቤት እንጀራ አይቀምሱም። ገበሬው ሲቀየማቸው "ዛሬ ጾም ነኝ" ይላሉ። በእሳቸው ሃይማኖት ያን ያህል ጾም እንደሌለ አገሩ ሁሉ ያውቃል፣ ግን ማንም አላጋለጣቸውም።

ከሁሉ የሚበልጠው ልማዳቸው ግን ይህ ነበር። ቦታዋን ለክተው ከጨረሱ በኋላ ችካሉን ይነቅላሉ፣ ገመዱን ይጠቀልላሉ፣ በአራቱ ማዕዘን ለአጨዳ ሲመለሱ ቦታዋን የሚያገኙባቸውን አራት ጠጠሮች ከአፈር በታች ይቀብራሉ። ማሳው ማንም እንዳልነካው ይሆናል። ገበሬው ከሳምንት በኋላ የቱ ጋ እንደነበር ይረሳዋል። ለምን እንደሚያደርጉት ስጠይቃቸው "ይርሳዋ" ከማለት በቀር አላብራሩልኝም።

የአውድማን ነገር ደግሞ ከላላ ላይ ነው የተማርኩት። በዚያ አገር አውድማ ላይ ቁጥር አይጠራም። ሰፋሪው የመጀመሪያውን ስፍር "በረከት" ብሎ ያነሳል፣ የቀረውን በልቡ ይይዛል። መንገደኛ ሲያልፍ "ይባርክ" ይላል እንጂ ስንት ሆነ ብሎ አይጠይቅም። ቁጥር የሰማ በረከት ይሸሻል፤ ወይም ደግሞ ሌላ የሚሰማ አለ፣ እሱ መጥቶ ይካፈላል። እሱ ማን እንደሆነ ቢጠይቁ መልስ የለም። እኔ አዲስ ነኝና ሚዛኑን አንጠልጥዬ የመጣውን ቁጥር ጮክ ብዬ አነበብኩ። አውድማው ቀጥ አለ። መንሽ የያዘው መንሹን አስቀመጠ። በሬ የሚነዱት አቆሙ። አንድ ሽማግሌ የእህሉን ክምር በጋቢያቸው ሸፍነው ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ተቀመጡ። ነፋሱም ቆመ። በኅዳር ቀትር ላይ ነፋስ ቆም ማለቱ የተለመደ ነው፣ አሁን አውቃለሁ። ያን ጊዜ ግን በእኔ አፍ የቆመ መሰለኝ። ጋሽ ይመር ሄደው ሽማግሌው አጠገብ ተቀመጡ። ከብዙ ቆይታ በኋላ ነፋሱ ሲመለስ ሰዎቹም ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ሚዛን በዓይኔ እንጂ በአፌ አንብቤ አላውቅም።

ወረኢሉም ሠርቻለሁ፣ አምባ መቅደላ ወደሚታይበት ወገንም ሄጄ ነበር። መጨረሻ ላይ የወሎው ቦረና ከተማ መካነ ሰላም አረፍኩ። ጋሽ ይመር ጡረታ ወጥተው ወረኢሉ ገብተዋል። እኔም ለብቻዬ የምሠራ ሰው ሆኛለሁ። በዚያ ዘመን ነው ከላይ አዲስ መመሪያ የመጣው። ከእንግዲህ ችካል አይነቀልም፣ ገመድ አይፈታም፤ ተቆጣጣሪ ከደሴ ሲመጣ በዓይኑ አይቶ እንዲያረጋግጥ ችካሉ ነጭ ቀለም ተቀብቶ፣ ገመዱ ተወጥሮ እስከ አጨዳ ይቆያል። ነገሩ ስህተት ነው የሚያሰኝ አልነበረም። ሌብነትን ለመከላከል ነው ተባለ፣ እውነትም በየቦታው ሳይሄዱ ቁጥር የሚፈጥሩ ነበሩ።

በዚያ ዓመት ዕጣው ከከተማ ርቃ ገደሉ አፋፍ ላይ ላለች አንዲት መንደር ወጣ። ከተመረጡት ማሳዎች አንዱ የእትዬ አልጋሽ ነበር። ባላቸው ሞተውባቸዋል፣ ትልልቆቹ ልጆች በየፊናቸው ሄደዋል፣ አብራቸው ያለችው የማህፀናቸው መጨረሻ ዘሪቱ ናት፣ ያኔ ሰባተኛ ክፍል። እናቲቱ በዕድሜ ከእኔ ትንሽ ከፍ ይላሉ፣ ነገረኛና ሳቂታ ነበሩ። ችካሉን ስተክል አጠገቤ ቆመው "እንዲያው ከዚህ ሁሉ ቦረና የኔን ጓል ምን ብለህ መረጥህ?" አሉኝ። "እኔ አልመረጥኩም እትዬ፣ ዕጣ ነው" አልኳቸው።  ዕጣ ማለት በዚያ አገር ቀልድ አይደለም። በዕጣ ሰው የማያውቀውን የሚለይ ፈጣሪ ነው። ነጩን ችካል በእጃቸው ዳሰስ አድርገው፣ እንደ መሳለም እጃቸውን ወደ አፋቸው መለሱት።

ክረምቱ ነሐሴ ሳያልቅ ወጣ። ገብሱ ዛላ ሊያወጣ ሲል ዝናቡ ተቋረጠ፣ ከላይ ደግሞ ውርጭ ወረደበት። መንደሩ የሚጠብቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ የእርዳታ ስንዴ። እሱ ከመጣ ዓመቱን ይሻገራሉ። ካልመጣ እትዬ አልጋሽ ዘሪቱን ከትምህርት አስወጥተው ከደላላ ጋር ወደ አረብ አገር ሊሰዷት ነው። ይህን እራሳቸው ነገሩኝ። "ስንዴው ከመጣ አትሄድም፤ ምዬአለሁ" አሉኝ። እርዳታውን የሚወስነው ደግሞ ከየወረዳው የሚላከው የምርት ግምት ነው።

ለአጨዳ የሄድኩ ጠዋት ጉም ነበር። ከአፋፉ ጀምሮ በማሳ ውስጥ ስሄድ ገብሱ ቁርጭምጭሚቴን አያልፍም፣ ግራጫ ሆኖ ቆሟል፣ ስረግጠው አመድ እንደመርገጥ ያለ ድምፅ ያሰማል። ወፍ የለም። የሚበላ በሌለበት ወፍ ምን ትሠራለች። ከዚያ ከፊቴ ጉሙ ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ እጆቿን ዘርግታ ቆማ አየሁ። "ዘሪቱ፣ እንዴት አደርሽ?" አልኳት። አልመለሰችም። ቀረብኩ፣ ደግሜ ጠራኋት። ራስ የላትም።

የወፍ ማስፈራሪያ ነበር። በዱላ ላይ የዘሪቱን ዩኒፎርም አልብሰውታል። ከሥሩ፣ በነጫጭ ችካሎች መሃል፣ ገመዱ ጫፍ ድረስ ልክ በቢላ የተቆረጠ ይመስል፣ እስከ ወገቤ የሚደርስ ገብስ ቆሟል። ዛላው ከብዶት አጎንብሷል። አንድ እርምጃ ከገመዱ ውጪ ሙት ነው። የአገሩ ወፍ ሁሉ በዙሪያው አፈር ላይ ተቀምጦ ድምፅ ሳያሰማ ይጠብቃል። ዕድሜዬን በሙሉ ማሳ ሳይ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ እንደዚያ ያለ ነገር ግን አላየሁም፤ ፈራሁ። ለመመለስ ስዞር ዘሪቱ፣ እውነተኛዋ፣ ጄሪካን አዝላ ከኋላዬ ቆማለች። ከጄሪካኑ ውኃ ይንጠባጠባል።

"ማነው የሚያጠጣው?" አልኳት።

"ሁላችንም" አለች። "በተራ ነው። ዛሬ የኛ ቀን ነው።"

ምንጩ ያለው ከገደሉ ሥር ነው፤ ወርዶ መውጣት ግማሽ ቀን ይፈጃል። ዩኒፎርሙን ለምን እንዳለበሱት ስጠይቃት "ለጊዜው አልማርበትም" አለችኝ፣ አይኖቿን መሬት ላይ አድርጋ። እናቷ ከቤት ወጥተው መጡ። ነጠላቸውን አስተካክለዋል፣ ፊታቸው ላይ ደስታ አለ። በጣም ከስተዋል።

"እትዬ አልጋሽ፣ ይህ ምንድን ነው?"

"የናንተ ናት። ዕጣ የወደቀባት።"

"ለምን አጠጣችኋት?"

"ምን ማለትህ ነው? እንግዳ ሲመጣ ባዶ ሞሰብ ይከፈትለታል? መንግሥት ድፍን ቦረናን ትቶ ይችን አያለሁ ሲል፣ ደረቷን ገልጣ ትጠብቀው? ፍጉንም እዚህች ላይ ነው የበተንነው፣ ውርጭ ሲወርድም በገለባ ሸፈንናት። አብሽር ደምሴ፣ አላሳፈርንህም።"

በቀበሌው ዕጣ የደረሳቸው ማሳዎች ሁሉ እንዲሁ ነበሩ። በየአንዳንዱ ሙት ማሳ መሃል አንዳንድ ፍሬ ያንዠረገገ መደብ። ለራሳቸው ልጆች ያላጠጡትን ውኃ ለእኔ ገመድ አጠጥተውታል።

ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አስረዳኋቸው። ይህች ቦታ የምትሰጠው እህል በመንደሩ መሬት ሁሉ ይባዛል፤ ደሴ ላይ ያለው ሰው ይህን ሲያይ መንደሩ ጠግቧል ይላል፤ ስንዴውም ወደ ሌላ ይሄዳል። እትዬ አልጋሽ አፌን አፌን እያዩ ሰሙኝ። "ታዲያ ይኸን ሌላውን አያዩትም? ዓይን የላቸውም?" አሉ። "አይመጡም" አልኩ። ብድግ ብለው ገመዱን ተሻገሩ፣ ከሥሩ አንድ እጅ ጭብጥ ገብስ ጨብጠው ጎትተው ሊነቅሉ ሞከሩ።  ለቀቁት። "ፍሬ የያዘ እህል አይነቀልም። ግፍ ነው" አሉ። ዘሪቱ ጄሪካኗን አላወረደችም ነበር፤ እንዳዘለችው ቆማ ታያለች።

መመሪያው ማሳ መቀየር አይፈቅድም። አጨድኩ፣ መዘንኩ፣ ውኃ የጠጡት የተከለሉት መደቦች ብቻ እንደሆኑ በአስተያየት መስጫው ላይ ጻፍኩ፣ ይህም አልበቃ ብሎኝ በራሴ አበል ደሴ ወረድኩ። ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሻይ አዘዘልኝ። ያልኩትን ሁሉ ሰማና "አስተያየት እኮ ኮምፒዩተሩ አይደምረውም" አለኝ። መጥተህ እይ አልኩት። መኪና የለም አለ። ለእሱ አለቃ እንዲያደርስልኝ ለመንኩት፤ እንደሚያደርስ ነገረኝ፤ አድርሶም ሊሆን ይችላል። በዚያ ዓመት የኛ ቀበሌ ምርት "አጥጋቢ" ተባለ። ስንዴው በጭነት መኪና እኛን አልፎ ሄደ። ዘሪቱ ጥር ላይ ከደላላው ጋር ወጣች።

ያኔ ከደሴ ስመለስ ወረኢሉ ጋሽ ይመር ቤት አድሬ ነበር። ታመው ተኝተዋል። ሁሉን ነገርኳቸው። ያጽናኑኛል ብዬ ነበር። "ሰው እንደሚታይ ካወቀ ያለውን አያሳይህም፣ የሚመኘውን ነው የሚያሳይህ" አሉኝ። ቀጥለው ገመዱን ለምን ይፈቱ እንደነበር ገባህ ወይ አላሉኝም። አላህ ይማራቸው፣ ሰው ሲወድቅ የሚያሾፉ ሰው አልነበሩም።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን የባሕር ዛፍ ዘመን ነው። ዘሪቱም፣ እንደ እሷ የሄዱት ሌሎቹም ገንዘብ መላክ ጀመሩ። የሚያርስ ሰው ስለሌለ ቤተሰቡ በገንዘቡ የባሕር ዛፍ ችግኝ ገዝቶ ገብስ በሚዘራበት ተከለ። ዛፍ አይታረስም፣ አይታረምም፣ ከብት አይበላውም። ጥቂት ዓመት ሲያልፍ ነጋዴ መኪና ይዞ መጥቶ ለአጣናና ለምሰሶ ይገዛዋል። እኔም የምቆጥረው ተለወጠ። ገመዴን ይዤ በዛፍ መካከል ገባሁ፣ የግንድ ውፍረት በደረት ከፍታ እለካለሁ። የደኑ አስተዋፅኦ አደገ ሲባል የሰማችሁት ይህ ነው። እውነት ነው፣ አድጓል። በየዓመቱ ግን የመንደሩ ጭስ ይቀንሳል። ዛፉ ደጃፍ ድረስ ደርሶ አንዳንዱ ቤት በውስጡ ጠፍቷል። ከሥሩ ሣር አይበቅልም፣ ወፍ አይሰፍርም፤ ልጣጩ እንደ ተቀደደ ሸማ ተንጠልጥሎ ነፋስ ሲመጣ እርስ በርሱ ይንሾካሾካል። ከቅጠሉ በታች የድሮው ትልም መስመር አሁንም በእግር ይታወቃል። ብዙ ጊዜ ሥራ ላይ እያለሁ ሰው የጠራኝ መስሎኝ ቀና ብያለሁ።

ሥራዬን ልለቅ ጥቂት ሲቀረኝ ዕጣው ያቺን መንደር እንደገና አወጣ። ገመድ ቀርቶ ታብሌት ተሰጥቶናል፣ ቦታዋን ሳተላይት ያሳያል። መንገድ ላይ ያገኘሁት የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ "የእትዬ አልጋሽ ልጅ እኮ ድምፅዋ ከጠፋ ሁለት ፍልሰታ አለፈ" አለኝ። ገንዘቡም ቆሟል። አብረዋት የነበሩ ልጆች ሲጠየቁ ከአንዱ ቤት ወደ አንዱ ቤት መዛወሯን እንጂ ሌላ አያውቁም። "እሳቸውን ግን አትጠይቃቸው። ትደውላለች ነው የሚሉት" አለኝ።

ዛፉ ውስጥ ገብቼ ወደ ቤቱ ስጠጋ የእትዬ አልጋሽን ድምፅ ሰማሁ። ይስቃሉ። "ኧረ በሞቴ፣ እኔ ምን እሆናለሁ? አንቺ ብቻ ብርዱን ጠንቀቅ በይ።" ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ስልክ ጆሮአቸው ላይ ለጥፈዋል። አርጅተዋል። ሲያዩኝ እጃቸውን አነሱልኝና "ቆይ ቆይ፣ እንግዳ መጣ። ማን መሰለሽ? ደምሴ ነው፣ ያ ባለ ገመዱ" አሉ ወደ ስልኩ። ታብሌቴን አየሁ፤ ከአፋፉ በታች ኔትወርክ የለም፣ ኖሮም አያውቅም። የሳቸው ስልክ የጀርባ ክዳን የለውም። የባትሪው መግቢያ ባዶ ነው።

"ዘሪቱ ናት" አሉኝ፣ ስልኩን ዘርግተው። "እንካ ሰላም በላት።"

ዓይኖቻቸውን አየሁ። ያበደ ሰው ዓይን አልነበረም። ያን ጠዋት ከገብሱ አጠገብ ቆመው እንግዳው ተደስቶ እንደሆነ ሲጠብቁ ያየሁት ዓይን ነው። ያውቃሉ። እንደማውቅም ያውቃሉ።

ስልኩን ተቀበልኳቸው። ቀላል ነበር፣ ቀዝቃዛ። ጆሮዬ ላይ አደረግሁት። እንደ ሌላ ስልክ ሽውታ እንኳ የለውም። በሌላው ጆሮዬ ዛፉ ይንሾካሾካል። "ዘሪቱ፣ እንዴት ነሽ?" አልኩ። መልስ እንደሚሰማ ሰው ጠበቅሁ። "እኔ ደህና ነኝ። እናትሽም ደህና ናቸው፣ አታስቢ" ብዬ ስልኩን መለስኩላቸው። በነጠላቸው ጥለት ጠቀለሉት።

"ምን አለችህ?" አሉኝ።

ዕድሜዬን ሙሉ ያልተመዘነ ነገር ተናግሬ አላውቅም።

"ዝናቡ ዘንቦ እንደሆን ጠየቀችኝ።"

"ምን አልካት?"

"ዘንቧል አልኳት።"

እትዬ አልጋሽ ወደ ዛፎቹ ተመለከቱ። ከዚያ ተነሥተው የሚያስቀምጡኝን ቦታ በእጃቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉ። "ደግ አደረግህ" አሉ። "ሰው አገር ላለች ልጅ ባዶ አይወራም።"